ለአገልግል ሞኞች ምስጋና

ባለፈው ነሐሴ ከመዝናኛ ፓርክ በተመለስንበት ማታ የእህቴ ባል ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። የሒሳብ ባለሙያ ነው። በዚያ ቀን ስምንት ሆነን፣ እኛ በሜሪላንድ ካለው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እነሱ በቨርጂኒያ ካለው አሌክሳንድሪያ ተነስተን በሁለት መኪና ሄደን ነበር። ስምንታችንም የበላነው ከቤት ይዘን የሄድነውን ነው፤ ፓርኪንግ ውስጥ፣ የመኪናው ትራንክ ተከፍቶ፣ ገሚሳችን ቆመን፣ ገሚሳችን ኩለር ላይ ተቀምጠን። እሱ ማወቅ የፈለገው ያ ምሳ ስንት እንዳስወጣን ነው።

ፓርኩ ውስጥ በልተን ቢሆን ኖሮ፣ አለ፣ በርገር ወይም ዶሮ ከድንችና ከለስላሳ ጋር ለአንድ ሰው ወደ 17 ዶላር ነው፤ ለስምንት ሰው 138 ዶላር እንከፍል ነበር። ከቤት ለያዝነው እንጀራ፣ ሱፍ፣ ምስር፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሐብሐብና በረዶ 45 ዶላር ወጥቷል። እስከዚህ ድረስ ደስ ብሎን ሰማነው። ቀጠለ። እናቴ፣ እህቴና እኔ ተደምረን ስድስት ሰዓት ሠርተናል። እኛ በምንኖርበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ የትልልቅ ድርጅቶች ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 17 ዶላር ከ65 ሳንቲም ነበር፤ በስድስት ሲባዛ 105 ዶላር ከ90 ሳንቲም። ከ45ቱ ጋር ሲደመር 150 ዶላር ከ90። «12 ዶላር ከ90 ሳንቲም ከስረናል» አለና ወረቀቱን ወደ እኛ አዞረው። «ወደ መኪናው ስንመላለስ የሄደውን አንድ ሰዓት ሳልቆጥር ነው።»

ደግሜ አሰላሁት። ልክ ነው።

እንግዲህ የእኛ ነገር በቁጥር የተረጋገጠ ሞኝነት ነው፤ ስሙን ለማሳመር አልሞክርም። ብልህነት አመስጋኝ ሞልቶታል። የትኛው ቀን ቲኬት እንደሚረክስ፣ የትኛው ኩፖን ከየትኛው ጋር እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው በየቤቱ አለ፤ ሲናገርም ይደመጣል። እኔ የማመሰግነው ሌላውን ነው፦ እንጀራ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ኩለር እየጎተተ እስከ ሮለር ኮስተሩ ደጃፍ የሚሄደውን፣ ከዚያም ተመልሶ ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚበላውን። በዋሽንግተን ዙሪያ ካለነው ሐበሾች ስንቱ እንዲህ እንደሚያደርግ ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን በአንድ ፓርክ ፓርኪንግ መካከል ብትሄዱ ከሽታው ብቻ ታውቁታላችሁ።

ሞኝነቱም እየረዘመ ሄዷል። ለሲልቨር ስፕሪንግ ቅርብ የነበረው በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ያለው ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ የሚባል ፓርክ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 2025 ለመጨረሻ ጊዜ ሠርቶ ተዘጋ። እሱ ሳለ ጠዋት ቁርስ ቤት በልቶ፣ ማታ ራት ቤት ደርሶ መብላት ይቻል ነበር። የቀሩት ሩቅ ናቸው። በቨርጂኒያ ዶስዌል ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የተከፈተውና የፓሪሱን አይፍል ሲሶ የሚያህል ግንብ መሐሉ ላይ የተከለው ኪንግስ ዶሚኒየን ከአሌክሳንድሪያ ወደ 80፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ 90 ማይል ይሆናል። በዚያው ዓመት የተከፈተው የዊልያምስበርጉ ቡሽ ጋርደንስ ከዚያም ይርቃል። ወደ ሰሜን ከሆነ ፔንሲልቫኒያ ያለው ኸርሺፓርክ ነው። የሰኔ መጨረሻ የአይ-95ን መጨናነቅ የሚያውቅ ሰው 80 ማይል ሁለት ሰዓትም ሦስት ሰዓትም ሊሆን እንደሚችል ያውቃል። በዚያ ላይ የልጅ ሆድ ሰዓት አይጠብቅም።

ኸርሺፓርክን ሳስብ አንድ ነገር ደስ ይለኛል። ቸኮሌት ሠሪው ሚልተን ኸርሺ እ.ኤ.አ. በ1906 የከፈተው ለፋብሪካው ሠራተኞች መናፈሻ እንዲሆን ነው፤ ያኔ ሰው ቤተሰቡን ይዞ ሄዶ ዛፍ ሥር ምሳውን ፈትቶ የሚበላበት ስፍራ ነበር። መጀመሪያ ምሳው ነበረ ማለት ነው፤ ማሽኖቹ በኋላ መጡ። ዛሬ ደግሞ አብዛኞቹ ፓርኮች ከውጭ ምግብ ይዞ መግባትን አይፈቅዱም፤ የሕፃን ምግብና በጤና ምክንያት የግድ የሆነው ብቻ ያልፋል። ከበሩ ውጭ ግን ብዙዎቹ የምሳ ጠረጴዛ አላቸው፤ በዚያው ቀን ወጥቶ መመለስም ይቻላል። ከመሄድ በፊት ደንቡን ማየት ነው፤ በየዓመቱ ይቀየራል። የፍሎሪዳው ዲዝኒ ወርልድ በዚህ ረገድ ለጋስ ነው። የብርጭቆ ጠርሙስና የአልኮል መጠጥ ካልሆነ፣ በረዶውም ያልታሸገ ካልሆነ፣ ለራስ የሚሆን ምግብ ይዞ መግባትን ይፈቅዳል። ከአሌክሳንድሪያ ብዙ በማይርቀው ሎርተን መኪናን ከነሰው ጭኖ ወደ ፍሎሪዳ የሚሄደው ባቡር አለ፤ በእሱ የሚሄድ ሰው አገልግሉን ሎርተን አስሮ ፍሎሪዳ ሊፈታ ይችላል።

ፓርኩ ውስጥ ገዝቶ ለሚበላም ብልሃት የለም አልልም። ውሃ በኩባያ ከበረዶ ጋር በነጻ የሚሰጡ ፓርኮች ብዙ ናቸው፤ ጠይቁ። ዓመቱን ሙሉ የሚያበላው የምግብ ካርድ በዓመት አምስትና ስድስት ጊዜ ለሚመላለስ ያዋጣል፤ አንዴ ለሚሄድ አያዋጣም። ከዚህ በላይ ስለ ብልሃቱ የምለው የለኝም።

የእህቴ ባል በወረቀቱ ላይ ያልጻፈው ነገር አለ፤ የቀን መቁጠሪያው። በዚህ አካባቢ ትምህርት ቤት የሚዘጋው በጁን አጋማሽ፣ የሚከፈተው በኦገስት መጨረሻ ነው። የሐዋርያት ጾም እስከ ሐምሌ 4 ይሄዳል፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባና በ16 ይፈታል፤ በመካከሉ ረቡዕና ዓርብ አሉ። ለሚጾም ቤተሰብ ከልጆቹ ዕረፍት ከግማሽ በላዩ ጾም ነው ማለት ነው። አሁን አንዲት የሚጾሙ እናት ይዛችሁ ፓርክ ግቡ። በርገሩ ሥጋ ነው፣ ፒዛው ዓይብ፣ አይስክሬሙ ወተት። ፕሬትዝሉ ቅቤ ተቀብቷል። ድንቹ እንኳ ብዙ ጊዜ የሚጠበሰው ዶሮው በተጠበሰበት ዘይት ነው። ሙስሊም ጎረቤታችንም ቤተሰቧን ይዛ ስትሄድ ያው ነው፤ ሐላል ሥጋ ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ ስትዞር ትውልና መጨረሻ ላይ ልጆቿን ድንች አብልታ ትመለሳለች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛም ብልህ የሆንበት ቀን ነበር። ምንም ሳንይዝ ሄድን። እናቴ ፍልሰታን የምትጾመው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በፓርኩ ውስጥ የምትበላው ፍለጋ ጀመርን። ስሙን የማልጠራው ፓርክ ነው፤ ሠራተኞቹ ቅን ልጆች ነበሩ፣ የምንጠይቀው ግን አልገባቸውም። ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ስንል አርባ ደቂቃ ሄደ። በመጨረሻ ያገኘነው አንድ ሙዝና በፕላስቲክ የታሸገ ፖም ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ልጆቹ ዙሪያዋን በርገር ይዘው፣ ፖሟን በቀስታ በላች። «ጠግቤያለሁ፣ እናንተ ብሉ» አለች። የዚያን ቀን ምሳ ከሁሉም የረከሰው የእሷ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ የዚያን ወንበር ቀለም አስታውሳለሁ።

ከዚያ ወዲህ ነው ሞኞች የሆንነው።

አገልግል የሚባለውን ዕቃ ልጆቼ የሚያውቁት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ አንድ ምግብ ቤት ለጌጥ ሰቅለውታል። በሣር ተሰፍቶ፣ በፍየል ቆዳ ተለብጦ፣ መንጠልጠያ ተበጅቶለት፣ ክዳኑ ግጥም የሚል። መንገደኛ የሚይዘው፣ እረኛ ዛፍ ላይ የሚሰቅለው፣ ወጡ ከእንጀራው ጋር ተዋህዶ ሲከፈት ሽታው ሰው የሚጠራ ነበር። አዲስ አበባ ልጆች ሳለን ሶደሬ ስንሄድ እናቴ የምትይዘው አገልግል ከአያቴ የወረሰችው፣ ቆዳው ያረጀ ነበር። አዳማን አልፈን ሶደሬ ስንደርስ ፍል ውሃው ውስጥ ከመግባታችን በፊት አንድ ሰው ዕቃው አጠገብ ይመደባል፤ ጦጦቹ ከዛፍ ወርደው እንዳይፈቱት። አባቴ ዱላ ይዞ ይቆማል። እዚያው መዝናኛው ውስጥ ምግብ ቤት ነበር፤ አባቴ ለስምንት ሰው የሚከፍለው ገንዘብም ኪሱ ውስጥ ነበር። ከምግብ ቤቱ አንድ ቀን እንኳ አልበላንም፤ ለምን ብሎ የጠየቀም አልነበረም። ብሔረ ጽጌም እንደዚያ፣ ላንጋኖም እንደዚያ። ሽርሽር ማለት አገልግል የሚፈታበት ቦታ ማለት ነበር። ሰማያዊው ባለ ጎማ ኩለራችን የዚያ አገልግል የልጅ ልጅ ነው፤ ቆዳው ፕላስቲክ ሆነ፣ ጦጣ የለበትም፣ ሥራው ግን አልተለወጠም።

ይህን መንገድ ስንቅ ይዘው የተጓዙ ከእኛ በፊት ነበሩ። ዛሬ እኛ በምንነዳበት በቨርጂኒያ በኩል ጥቁር አሜሪካውያን ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ደቡብ ሲወርዱ፣ በመንገዱ ዳር ያሉ ምግብ ቤቶች ስለማያስተናግዷቸው፣ የተጠበሰ ዶሮና የተቀቀለ ዕንቁላል በጫማ ካርቶን ጠቅልለው ይይዙ ነበር። ቪክቶር ሁጎ ግሪን የተባለ በኒውዮርክ የሚኖር ፖስተኛ እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ ጥቁር መንገደኛ የት መብላት፣ የት ማደር እንደሚችል የሚያመለክት መጽሐፍ ያሳትም ነበር። የእኛ ስንቅ ከምርጫ የመጣ ነው፣ የእነሱ ከግዴታ፤ ልዩነቱን አልረሳውም። ኩለሩን በጫንን ቁጥር የማስታውሰውም ለዚህ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ጥቂት ማይል ርቆ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ግሌን ኤኮ የሚባል የድሮ መዝናኛ ፓርክ አለ። ለረጅም ዘመን ጥቁር ሰው አይገባበትም ነበር። እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 1960 የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከነጭ ወዳጆቻቸው ጋር ሆነው ቲኬት ይዘው ገቡና ካሩሰሉ ላይ፣ የእንጨት ፈረሶቹ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ማሽኑ አልተነሳም፤ እነሱም አልወረዱም። አምስቱ ታሰሩ። ከዚያ በኋላ በጋውን ሙሉ በሩ ላይ ሰልፍ ነበር፤ ባኖክበርን የሚባለው የአቅራቢያው ሰፈር ነዋሪዎችም ከተማሪዎቹ ጋር ቆሙ። በ1961 ፓርኩ ለሁሉም ተከፈተ። የታሰሩት ሰዎች ጉዳይ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1964 ፍርዱ ተሻረላቸው። የእህቴ ባል ወረቀት ያኔ ቢኖር የአንድ ዙር ካሩሰል ዋጋ በአንድ ወገን፣ እስርና የአራት ዓመት ክርክር በሌላ ወገን ተጽፎ ኪሳራው ግልጽ ይሆን ነበር። ዩኒቨርሲቲ የገባ ትልቅ ሰው በማይንቀሳቀስ የእንጨት ፈረስ ላይ ተቀምጦ መታሰርን መረጠ። ልጆቼን በእጄ ይዤ በየትኛውም ፓርክ በር ስገባ የዚያን ሞኝነት ትርፍ እየበላሁ እንደሆነ አውቃለሁ።

ግሌን ኤኮ እንደ መዝናኛ ፓርክነቱ እ.ኤ.አ. በ1968 ተዘጋ፤ ዛሬ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ይዞታ ነው። በ1921 የተተከለው ያው ካሩሰል አሁንም በበጋ ይዞራል፤ የመግቢያ ክፍያ የለም፤ ጠረጴዛዎቹ ዛፍ ሥር ናቸው፤ ምግብ ይዞ መግባትም ይቻላል። ጥሩና ርካሽ የምሳ ቦታ ንገሪኝ ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የምጠራው እሱን ነው። ልጆቹ ግን ሮለር ኮስተር ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ 80ና 90 ማይሉን እንነዳለን።

የእህቴ ትልቁ ልጅ አሥራ አራት ዓመት የሞላው ዓመት ፓርኪንግ ውስጥ መብላታችን አሳፈረው። የትምህርት ቤት ጓደኞቹ በአጠገባችን ሊያልፉ ይችላሉ ብሎ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። አልተቆጣነውም። ከእኛ ቀጥሎ የቆመው መኪና የሳልቫዶር ቤተሰብ ነበር፤ እነሱም ትራንኩን ከፍተው ፑፑሳ የሚሉትን በባቄላ ወይም በዓይብ የተሞላ ቂጣ ከፎይል ይፈታሉ። እናቴ እንግሊዝኛዋ ጥቂት ነው፣ የእነሱ አያትም እንደዚያው። እናቴ አንድ ሳህን የሱፍ ፍትፍት ይዛ ሄደች፤ ሴትየዋ ስድስት ፑፑሳ ይዛ መጣች። እናቴ በጣቷ እያሳየች ጠየቀች፤ የባቄላው ከዓይቡ ተለየላት። ልጁ ይህን ከመኪናው መስኮት ሲያይ ቆየና ወጣ። ፑፑሳውን ያዘ፣ ቀጥሎ እንጀራውን። የዚያ ቤተሰብ ልጅ የእሱው ትምህርት ቤት ተማሪ ሆኖ ተገኘ። ከሰዓት በኋላ ሮለር ኮስተሩን አብረው ወጡ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልለይ፤ የማመሰግነው ሞኝነትን እንጂ ድፍረትን አይደለም። ክትፎ ይዞ ሐምሌ ፀሐይ ላይ መሄድ ድፍረት ነው፤ ዓይብም እንደዚያ። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የሚያስጠነቅቀው የሚበላሽ ምግብ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ነው፤ ሙቀቱ ከ90 ዲግሪ ፋረንሃይት ካለፈ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ። በዋሽንግተን ሐምሌ 90 ዲግሪ ብርቅ አይደለም። ኩለሩ ውስጥ ከ40 ዲግሪ ፋረንሃይት በታች መሆን አለበት። ዶሮ ወጥ ከነድስቱ የሚጭኑ ወገኖችን አውቃለሁ፤ እወዳቸዋለሁ፤ እንዲተዉት እለምናለሁ።

ለዚህ መንገድ የተፈጠረው የጾም ምግብ ነው። አያቶቻችን ፓርክ ሳያውቁ ለሙቀት ቀን የሚሆን ቀዝቃዛ ማዕድ አዘጋጅተውልናል፦ የሱፍ ፍትፍት፣ የቲማቲም ፍትፍት፣ ስናፍጭ የገባበት አዚፋ። ከሁሉም በላይ ሱፉን አከብራለሁ። እናቴ ከዋዜማው ጀምራ ትለቅመዋለች፣ ታምሰዋለች፣ ትፈጨዋለች፣ በውሃ በጥብጣ ታጠልለዋለች። ነጩን የሱፍ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ አድርገን ማታውን ፍሪዘር ውስጥ እናስገባዋለን። ጠዋት ድንጋይ ይሆናል፤ ኩለሩ ውስጥ የበረዶ ሥራ ይሠራል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግማሽ ቀልጦ ይጠብቀናል። እንጀራው በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ለብቻው ይሄዳል፤ በፌስታል ከታሰረ ያልበዋል፣ ይጣበቃል። ቃሪያውና ሽንኩርቱ ተከትፎ በዕቃ። እንጀራው የሚቆራረሰው እዚያው ነው፤ ቀድሞ ከተቆራረሰ ይላሽቃል። ቡናው በፔርሙስ። እሳት ማንደድ አይፈቀድም፤ ጀበናው ቤት ይቀራል።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ልጆቹ ከየወረፋው ይሰበሰባሉ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ባለፈው ዓመት ከአያቷ ጋር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጹም ብላ እስከ ስድስት ሰዓት ቆየች። ስድስት ሰዓት ላይ ሐብሐብ በላች። አያቷ «እግዚአብሔር ይቀበልሽ» አለቻት፤ ልክ ሙሉውን እንደጾመ ሰው። የሱፍ ውሃው ከጠርሙሱ ሲፈስ በረዶው ሳህኑ ላይ ይንኳኳል። ከአጥሩ ወዲያ ማሽኑ ሲወርድ የሰው ጩኸት ይሰማል። በዚያች ግማሽ ሰዓት ስምንታችንም አንድ ትሪ ላይ ነን፤ የሚጾመውም የማይጾመውም፣ ጥርስ ያላወጣውም ጥርሱ ያለቀውም። በፓርኩ ውስጥ ባለ ሱቅ ሁሉ እንዲህ ያለ ትሪ ፈልገን አላገኘንም።

እናቴ ያንን ወረቀት አንስታ ማየቷን ያወቅሁት ከቀናት በኋላ ነው። የእህቴን ባል ጠርታ «ልጄ፣ የእኔን ሰዓት ከየት አመጣኸው?» አለችው። «እማማ፣ የካውንቲው ዝቅተኛ ክፍያ ነው» አላት፤ «እንዲያውም ለእርስዎ ሲያንስ ነው።» «ማነው የሚከፍለኝ?» አለች። ዝም አለ። እሷም ዝም አለች፤ የጠየቀችው ከልቧ ነበር።

ዘንድሮም ማክሰኞ ቀን እንሄዳለን፤ በሥራ ቀን ወረፋው ይቀላል፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ እስከ ዘጠኝ አይጾምም። ሱፉ ከሰኞ ጀምሮ ሰፌድ ላይ ነው። ኩለሩ ታጥቦ በረንዳው ላይ ተዘቅዝቋል። ትናንት ማታ ስልኬ ጮኸ፤ የእህቴ ባል ነው። «ስናፍጩን አምና ረስታችሁት ነበር» አለ። «ዘንድሮ እኔ ልግዛ?»